«የጾም ነው» ተብዬ የገዛሁት ብስኩት ውስጥ ወተት አገኘሁ፤ እናንተ ጀርባውን እንዴት ነው የምታነቡት?

የእማዬ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት። ሐኪሟ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳትወስድ ስላዘዛትና የንስሐ አባቷም ስለፈቀዱላት፣ በሁዳዴ ጠዋት ጠዋት በሻይ የምትቀምሰውን ብስኩት የምገዛላት እኔ ነኝ። ዘንድሮ የገዛሁበት ሱቅ መደርደሪያው ላይ «የጾም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሻጩንም ጠይቄዋለሁ። «አዎ የጾም ነው፣ ሁሉም የሚወስደው ይሄንን ነው» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእሱ በላች። ባለፈው እሑድ የስኳሩን መጠን ለማየት ብዬ ጀርባውን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳነብ መሀል ላይ «ዌይ ፓውደር» ይላል። ዌይ እኮ አጓት ነው! ደርቆ ዱቄት የሆነ የወተት አጓት።

ነገርኳት። መንገር ነበረብኝ። ምንም አልተናገረችም፣ ፓኬቱን ተቀብላኝ ስታገላብጠው ቆየች። እማዬ ዳዊቷን በየቀኑ የምትደግም ሴት ናት፤ ያ ፓኬት ላይ ግን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ቃል የለም። አረብኛ አለ፣ ቱርክኛ አለ። እንግሊዝኛው ደግሞ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ላይ በብርማ ቀለም ስለታተመ እኔ በደህና ዓይኔ መስኮት ድረስ ወስጄው ነው ያነበብኩት። ፊት ለፊቱ ላይ ያለው የማር ማንኪያ ሥዕል ግን ከሩቅ ይታያል። ማሩ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ነው ያለው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ያለውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የባሰ ግራ ገባኝ። ስኳር 8 ግራም ይላል፣ ግን ከምን ያህሉ? ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር ነው? አንዳንዱ ላይ አስመጪው የለጠፈው ስቲከር ልክ የይዘቱ ዝርዝር ላይ አርፏል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ወተት በስንት ስም ነው የሚደበቀው?

ነርሷ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ አይዞሽ። እኔ እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያውን ጾም «ኖን ዴይሪ» የሚል የቡና ክሬም እየጨመርኩ ነው ያሳለፍኩት። ኖን ዴይሪ ማለት ወተት የሌለው መስሎኝ። ጀርባውን ሳየው «ሶዲየም ኬዚኔት» ይላል፣ እሱ ከወተት ፕሮቲን የሚወጣ ነው። እዚህ አሜሪካ ሕጉ እንዲህ ተብሎ እንዲሸጥ ይፈቅዳል።

ስለዚህ እነዚህን ያዢ፦ ዌይ፣ ኬዚን፣ ኬዚኔት፣ ላክቶስ፣ ስኪምድ ሚልክ፣ ሚልክ ሶሊድስ፣ በተር ፋት። ሁሉም ወተት ነው። አስደንግጠው ግን ወተት ያልሆኑም አሉ። ኮኮዋ በተር ከካካዎ ፍሬ የሚወጣ ስብ ነው። ላክቲክ አሲድም ስሙ ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከስኳር በማብላላት ነው የሚሠራው።

አንድ አቋራጭ መንገድ አለ። አሜሪካ የተሠራ ከሆነ ዝርዝሩ ሥር «ኮንቴይንስ» (ይዟል) የሚል መስመር ፈልጊ። አለርጂ ላለበት ሰው ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ሕጉ ከሚያስገድዳቸው ውስጥ ናቸው፣ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ተጨምሯል። መስመሩ ከሌለ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱ «ሚልክ» የሚለውን ስም መጻፍ አለባቸው። አውሮፓ የተሠራ ከሆነ እነዚህ ነገሮች ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ በደማቅ ቀለም ነው የሚታተሙት፣ ዓይንሽን ሮጥ አድርገሽ ደማቁን ብቻ ማየት ትችያለሽ። ግን ልብ በዪ፣ ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ) እና የእንስሳ ጮማ በአለርጂው መስመር ላይ አይወጡም። ለእነሱ ዝርዝሩን ሙሉ ማንበብ የግድ ነው።

ወደ ስኳሩ ልምጣ፣ ስለ እናትሽ ጤና ስለሆነ እሱ ላይ ነው በጣም የማስበው። 8 ግራሙ ለስንት ብስኩት ነው የሚለው?

የእማዬ_ልጅ

ለ3 ብስኩት ይላል። ፓኬቱ ውስጥ 12 አለ። እሷ አንዳንዴ 6 ትበላለች።

ነርሷ

እሱ ነው ችግሩ። 6 ከበላች 16 ግራም ነው። 4 ግራም ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስለሆነ፣ አራት ማንኪያ በላች ማለት ነው። ሙሉው ፓኬት ስምንት ማንኪያ ነው። ሰዉ ትልቁን ቁጥር ያያል፣ «ለስንት» የሚለውን አያይም፤ እኔም ለታካሚዎቼ ሁልጊዜ ከእሱ ጀምሩ ነው የምላቸው።

ደግሞ ስኳር የሚለውን መስመር ብቻ አትዪ። ስኳር ላለበት ሰው ዋናው ከላይ ያለው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ነጩ ዱቄትም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ነው የሚለወጠው። የይዘቱ ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ስኳር አንደኛ ሆኖ እንዳይታይ ሲፈልጉ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ዴክስትሮዝ፣ ፍሩክቶስ እያሉ በየስሙ ይበታትኑታል፣ እያንዳንዱ ትንሽ ስለሚሆን ወደ ታች ይወርዳል። ሲደመር ግን ከዱቄቱ ሊበልጥ ይችላል። የብስኩቱን መጠን ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩበት፣ ፓኬቱን ራሱን ይዘሽ ሂጂ።

መጋዘን_ሠራተኛ (አዲስ አበባ)

እኔ አከፋፋይ ጋ ነው የምሠራው። ስለ ቀኑ ልመልስልሽ። ከውጭ የገባው አብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አገር ውስጥ የተመረተው ግን አንዳንዱ በእኛ፣ አንዳንዱ በእነሱ፣ አንዳንዱ በሁለቱም ይጻፋል። ዓመቱ በሁለት አሃዝ ብቻ ሲጻፍ ነው ጉዱ። 12/05/18 የሚል ዱቄት አንዲት እናት አምጥተው «ሰባት ዓመት ያለፈበት ሸጣችሁልኝ» ብለው አለቀሱ። በእኛ ነበር የተጻፈው፣ ጥር 12 ቀን 2018። ያኔ ገና ብዙ ጊዜ ነበረው። ብናስረዳቸውም ሙሉ በሙሉ አላመኑንም፣ እኔም አልፈርድባቸውም። «ዓ.ም.» የምትል ፊደል ቢጨምሩ ምን ነበረበት?

ስቲከሩ ደግሞ ልክ ነሽ። የሚለጥፉት ልጆች ባዶ ቦታ ፈልገው ነው የሚለጥፉት፣ ምን እንደሸፈኑ አያዩም። እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፣ ካርቶን ውስጥ ያልተለጠፈበት አይጠፋም።

መደርደሪያ ላይ «የጾም» ብሎ የሚጽፈውን በተመለከተ፣ እኔ ባየሁት ባለሱቁ ራሱ በግምት ነው የሚጽፈው። ቅቤ የሚል ካላየ የጾም ነው ይላል። ዘይቱም እንደዚያው ነው። «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጀሪካን ታያላችሁ አይደል? የአትክልት ዘይት እኮ ድሮም ኮሌስትሮል አይታወቅበትም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት (ሲበዛ ለልብ ጥሩ ያልሆነው ስብ) ነው፣ እሱን ከፊት ለፊት የሚጽፍ የለም።

ተስፋ_ነኝ

እህት፣ ባለማወቅ የሆነ ነው። ፈጣሪ ልብን ያያል። እናትሽን አታስጨንቂያት፣ ስንት የሚያስጨንቅ ነገር እያለ።

የእማዬ_ልጅ

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ የንስሐ አባቷም እንደዚሁ ነው ያሉዋት። ግን እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እሷ ጥንቃቄ አላጎደለችም። እኔም ጠይቄ ነው የገዛሁት። አንድ ሰው ምን እንደሚበላ የማወቅ መብት የለውም? ዛሬ ወተት ነው፣ ነገ ለአንዱ ልጅ ኦቾሎኒ ቢሆን ነፍስ ነው የሚጠፋው።

ናታንያ_ያለችው (እስራኤል)

እኛ ቤት የእናንተ ዓይነት ጾም ባይኖርም ወተትና ሥጋ ስለማንቀላቅል ማሸጊያ ማንበብ ልማዳችን ነው። እዚህ አብዛኛው ምግብ ላይ ይጻፋል፤ ሃላቪ ከሆነ ወተት አለው፣ ባሳሪ ከሆነ ሥጋ ነው፣ ፓርቬ ከሆነ ሁለቱም የሉበትም። ጎረቤቴ ከኢትዮጵያ ለሥራ የመጣች ኦርቶዶክስ ናት፣ በጾም ፓርቬ የሚለውን ነው የምትገዛው። ግን ፓርቬ እንቁላልና ዓሣ ሊኖረው ይችላል፣ እሱን ለብቻው ማየት አለባችሁ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ስኳር፣ ጨው ወይም ሳቹሬትድ ፋት የበዛበት ምግብ ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። እናቴ ዕብራይስጡን በደንብ አታነብም፣ ቀዩን ግን ታውቀዋለች። ሁለት ቀይ ያለበትን ትመልሰዋለች።

ነርሷ

እውነት ነው! እዚህም ክብ ውስጥ «ዩ» ፊደል ያለበትን ምልክት እዩ፤ የአይሁድን የምግብ ሕግ የጠበቀ ነው ማለት ነው። አጠገቡ «ዲ» ካለ ወተት አለው ወይም ወተት በነካ ማሽን ነው የተሠራው። አዲስ አበባ የሚገባው የአሜሪካ ዕቃ ላይም አይጠፋም።

የእማዬ_ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሥራ መልስ እማዬን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። የወተቱን ስሞች በአማርኛ በትልልቁ ጽፌላት ነበር፣ እኔ ሳነብላት እሷ ወረቀቷ ላይ ታመሳክራለች። አሥራ አንድ ዓይነት ብስኩት አይተን የተረፉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ላይ ግን «ኢ471» የሚል ቁጥር አለ፣ ዘይትና ውሃን ለማዋሃድ የሚጨመር ነገር ነው፤ ከአትክልት ስብም ከእንስሳም ስብ ሊሠራ ይችላል የሚል አነበብኩ። ፓኬቱ ላይ ያለው የፋብሪካ ስልክ አገር ውስጥ ስለሆነ ነገ ደውዬ እጠይቃቸዋለሁ። የሚሉኝን እዚሁ እጽፋለሁ። እስከዚያ ለእማዬ ጠዋት ጠዋት የገብስ በሶ ነው የምበጠብጥላት።