የግቢ ዝናብ ውኃ መውጫ 12 ሜትር ላይ ታንቋል፤ ልቁረጠው ወይስ ሙሉውን ልቀይር?

ጤና ይስጥልኝ። ግቢው አዲስ አበባ ውስጥ፣ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ ነው። የጣሪያው አሸንዳና የሲሚንቶው ወለል ውኃ በአንድ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ 18 ሜትር ተጉዞ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ይገባል። በውኃ ልክ ሲለካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ዝቅታ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የቦዩ ወለል ከዚህ በላይ አያስወርድም።

ቱቦው ጠቦ አይመስለኝም። ጣሪያና ወለል ተደምሮ 200 ካሬ ሜትር ነው፤ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በሴኮንድ 3.3 ሊትር ይመጣል፤ ይህ ቱቦ ንጹሕ ከሆነ 5 ሊትር ገደማ ያሳልፋል።

ነገር ግን ዘንግ ሲገባ 12 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ሲወጣ ጥቁር ጭቃ እንጂ የዛፍ ሥር አልያዘም። መውጫውን ደፍኜ ቱቦውን ስሞላው ደግሞ የመግቢያው ጉድጓድ ውኃ በ10 ደቂቃ 15 ሴንቲ ሜትር ወረደ። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ስለሚያብጥ መጋጠሚያውን ያላቀቀው ይመስለኛል።

ከ11 እስከ 13 ሜትር ያለውን ብቻ ቆፍሬ ብቀይር፣ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይበቃል ወይስ መረሬው ጠልቆ ወጥቶ በሌላ አፈር መተካት አለበት? ሙሉውን በ160 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብዘረጋስ፣ ዝናቡ ሲያንስ ውኃው ቀስ እያለ ደለል አያስቀምጥም? ፍርግርግ የተከደነ ክፍት ቦይ በመጥረጊያ ስለሚጸዳ ልቤ ወደዚያው ያዘነብላል፤ መኪና የሚያልፍበት 3 ሜትር ግን አለ። (ከሽንት ቤት መስመር ጋር አገናኘው የሚል ምክር ይቅርብኝ፤ በክረምት ወደ ቤት ይመለሳል።) ለመኪናው ክብደት ፍርግርጉ በስንት ሚሊ ሜትር ብረት ይሠራ?