ከምንጩ እስከ ቦኖው ስንት ሜትር ነው? ሦስት ልኬት፣ ሦስት መልስ

ጥያቄ (ከጎንደር፣ በወለቃ በኩል)

ጤና ይስጥልኝ። ከሰፈራችን በላይ ያለውን ምንጭ አጎልብተን ውኃውን በቧንቧ እስከ ቦኖው ለማውረድ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቷል። ፕላስቲክ ቧንቧው የሚሸጥልን በ100 ሜትር ጥቅል ስለሆነ ርዝመቱን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። በጎግል ካርታ የርቀት መለኪያ ምንጩንና ቦኖውን ነክቼ ስለካ 1,360 ሜትር አሳየኝ። እዚያው ካርታ ላይ የእግር መንገድ ስጠይቅ 1,900 ሜትር አለ። ስልኬን ይዤ በእግሬ ስወርድ ደግሞ በጂፒኤስ የሚመዘግበው መተግበሪያ 2,100 ሜትር ቆጠረ። የከፍታው ልዩነት 120 ሜትር ያህል ነው። የሰው ገንዘብ በኃላፊነት ስለያዝሁ የትኛውን ማመን እንዳለብኝ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከአዘዞ (ቀያሽ)

ሦስቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ እርስ በርስ ይጣላሉ ብለው አይስጉ። የመጀመሪያው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ቀጥታ ርቀት ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ አድርጎ ያሰላል። ስሌቱ ምድርን ፍጹም ክብ አድርጎ ቢወስድ እንኳ የሚያመጣው ስሕተት ከግማሽ በመቶ ገደማ አይበልጥም፤ በእርስዎ ርቀት ይህ 7 ሜትር እንኳ አይሞላም። የሳተላይት ምስሉ ራሱ ከትክክለኛው ቦታ ጥቂት ሜትር ሊንሸራተት ይችላል፣ በተለይ ተዳፋት ላይ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው፤ ሆኖም አስልተው ይዩት። አግድሙ 1,360፣ ከፍታው 120 ሜትር ከሆነ ወጥ በሆነ ተዳፋት ላይ የሚተኛው ርዝመት 1,365 ሜትር ነው፤ ጭማሪው 5 ሜትር ብቻ። ርዝመቱን የሚያበዛው የመስመሩ መጠማዘዝ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የምንጩን መገኛ ከቆየ የቅየሳ ወረቀት ላይ ወስደው ከሆነ ወረቀቱ አዲንዳን በሚባለው መነሻ (የቦታ መገኛ ቁጥሮች በሚሰሉበት የቆየ መሠረት) የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስልክዎ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ስለሆነ የመገኛ ቁጥሩን ሳይቀይሩ ቢያስገቡት ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይርቃል።

መልስ፣ ከማራኪ (የጂኦግራፊ መምህርት)

በእግር የተመዘገበው 2,100 ሜትር ለምን እንደበዛ ልግለጽ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይስታል፤ በዛፍና በገደል ሥር ደግሞ ይብሳል። መተግበሪያው በየሴኮንዱ የሚወስዳቸውን ነጥቦች ሲያገናኝ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀውን ሁሉ እንደ ርቀት ይደምረዋል፤ ለእረፍት ቆመው ሳለ እንኳ ሊቆጥር ይችላል። በአንጻሩ ነጥቦቹን አራርቆ የሚወስድ መተግበሪያ ጥምዝምዙን እየቆረጠ ያሳጥራል።

በስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ መለካትም አይመከርም። እነዚህ ካርታዎች የተሠሩበት የመርካቶር አሣሣል (ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚዘረጋ ዘዴ) ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ምስሉን ያሰፋዋል፤ በጎንደር ኬክሮስ 2.5 በመቶ ያህል ይሆናል። የካርታው የራሱ መለኪያ ግን ይህን አርሞ ስለሚያሰላ እሱን መጠቀም ይሻላል።

መልስ፣ ከፒያሳ (ሹፌር)

ቀጥታና መንገድ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማየት ከጎንደር ባሕር ዳርን መውሰድ ነው። በቀጥታ 112 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን አስፋልቱ ጣናን በምሥራቅ ዞሮ በአዲስ ዘመንና በወረታ ስለሚያልፍ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በመኪና ቆጣሪ ለካሁ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎም ጎማውን ይጠይቁት፤ ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ብዙ ይዞራል፣ ቆጣሪውም ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጥታው መስመር የሰው ማሳ ያቋርጣል፣ መሐል ላይም ሸለቆ አለ። የእግር መንገዱን እንዳልከተል ደግሞ ያለ ጥቅም ይዞራል። ታዲያ በምን ልለካ?

መልስ፣ ከአራዳ (የውኃ ቧንቧ ባለሙያ)

መጀመሪያ ከማሳው ባለቤቶች ጋር ተስማምታችሁ ቦዩ የሚቆፈርበትን መስመር ወስኑና መታጠፊያው ሁሉ ላይ ችካል ትከሉ። ከዚያ በካርታው መለኪያ ምንጩን፣ እያንዳንዱን መታጠፊያና ቦኖውን በተራ እየነካችሁ ድምሩን ውሰዱ። ይህ ለበጀት ይበቃል። ለግዢ ግን በ50 ሜትር መለኪያ መሬት ለመሬት ይለካ፤ ሸለቆው ውስጥ መለኪያው አየር ላይ ተወጥሮ እንዳይቀር፣ ቧንቧው እንደሚተኛው ወርዶ ይውጣ። እኔ ለመጋጠሚያና ለብክነት 5 በመቶ እጨምራለሁ።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግፊቱ ነው። 120 ሜትር ከፍታ ውኃው በቆመ ጊዜ 12 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል፤ ለ10 ባር የተሠራ ቧንቧ የታችኛውን ክፍል አይችለውም። ወይ ለዚያ ክፍል የ16 ባር ቧንቧ ይገዛ፣ ወይ መሐል ላይ ግፊት መስበሪያ ገንዳ (ውኃው ገብቶበት ግፊቱ እንደገና ከዜሮ የሚጀምርበት) ይሠራ። የስልክ ከፍታ ከአግድም ልኬቱ የባሰ ስለሚስት 120 ያሉትን በቀያሽ መሣሪያ ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ጠያቂው

ከባለማሳዎቹ ጋር ተስማምተን በችካሎቹ መስመር በካርታ ስለካ 1,520 ሜትር መጣ፤ 5 በመቶ ሲጨመር 1,596፣ ማለትም 16 ጥቅል። የአዘዞው ቀያሽ ፈቃድዎ ከሆነ ከፍታውን ቢለኩልን የሰፈሩ ሰው ወጪዎን ይሸፍናል።

መልስ፣ ከአዘዞ (ቀያሽ)

በደስታ እመጣለሁ። እስከዚያ ችካሎቹን ከብት እንዳይነቅላቸው ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሏቸው፤ ቧንቧውንም እስክለካ ድረስ አትዘዙ።