በአጋር የሚሠራ፣ በፈሳሽ የሚጠፋ ውህድ

ከሻላ ሐይቅ ዳርቻ አፈር የለየሁት ስትሬፕቶማይሲስ (ፀረ ባክቴሪያ ውህዶችን በመሥራት የሚታወቅ የአፈር ባክቴሪያ) አለኝ። በአይኤስፒ 2 አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ ሲያድግ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ የማይበቅልበት 18 ሚሊ ሜትር ክብ በዙሪያው ይፈጥራል፤ ሌላውን ባክቴሪያ ኢ. ኮላይን ግን አይነካም። ያንኑ ምግብ ያለ አጋር አዘጋጅቼ በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ እየተወዘወዘ ለሳምንት ሳሳድገው ግን ምንም የለም። ፒኤቹን ከ7 ወደ 9 ከፍ አደረግሁ፣ ውህዱን ከፈሳሹ በኤቲል አሲቴት፣ ከሴሎቹ በሜታኖል (ሁለቱም አሟሚዎች ናቸው) ለማውጣት ሞከርሁ፤ ያወጣሁትን የጨመርሁባቸው የወረቀት ዲስኮች ግን በዙሪያቸው ክብ አልፈጠሩም። በአሟሚ ያልተነካው ፈሳሽ ራሱ ምንም ስላላሳየ ችግሩ ከማውጣቱ አይመስለኝም። ብዙ ስትሬፕቶማይሲሶች እንዲህ ያለውን ውህድ የሚሠሩት በጠጣር ላይ ስፖር (እንደ ዘር የሚያገለግል የመራቢያ ሴል) ማበጀት ሲጀምሩ ነው፤ የእኔም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ዝርያ እንዲሁ ፍሪጅ ውስጥ እንዲቀር አልፈልግምና በአጋር በብዛት ላሳድገው አስቤአለሁ። አጋሩን ቆራርጬ ስዘፈዝፈው የምግቡ ስኳርና ፕሮቲን ብዙም ሳይከተል ውህዱን የሚያወጣልኝ የትኛው አሟሚ ነው?