የባለሙያዎች ስምምነት የሕክምና ዕውቀት ነው ወይስ የተደራጀ አስተያየት?

አወያይ፦ የክርክሩ ጥያቄ፣ እንደ ዴልፊ ባሉ ሥርዓት የተበጀላቸው ዘዴዎች የሚገኝ የባለሙያዎች ስምምነት የሕክምና ዕውቀት ተብሎ ሊቆጠር ይገባል ወይ የሚል ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ይገባል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ራንድ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሲቀረጽ፣ በስብሰባ ላይ ማዕረጉ የከበደ ሰው ሌላውን እንዳይጫን ታስቦ ነበር። ባለሙያዎቹ አንዱ የሌላውን ማንነት ሳያውቅ መጠይቅ ይሞላሉ፤ የቡድኑ ምላሽ ተጠቃሎ ሲደርሳቸውም አቋማቸውን እንደገና ይመዝናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከኮቪድ በኋላ ለሚዘልቀው ሕመም ትርጓሜ ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። ያ ባይኖር ጥናቶቹ በምን ይነጻጸሩ ነበር?

የስታቲስቲክስ መምህርት፦ ምሳሌዎ የሚያስረዳው የሕመም ትርጓሜ በስምምነት ሊወሰን እንደሚችል ነው። መድኃኒት ያድናል ወይ የሚለው ግን በድምፅ ብዛት አይለወጥም። የልብ ጡንቻቸው ደም አጥቶ የተጎዳባቸው ሕሙማን የሚታይባቸውን የልብ ምት መዛባት በመድኃኒት መግታት ሞትን ይቀንሳል ተብሎ በሰፊው ይታመን ነበር፤ ሕሙማኑን በዕጣ የደለደለው ካስት የተባለ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታወቅ ግን፣ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተሰጣቸው የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በብዛት መሞታቸው ታየ። ባለሙያዎቹ ከዚያ በፊት በዴልፊ ተጠይቀው ቢሆን፣ የዙሮቹ መደጋገም ስሕተቱን ያጸናው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ሐኪም፦ ሕሙማኑ እጅግ ጥቂት ለሆኑበት ደዌስ? እንዲህ ያለ ጥናት እስኪሠራ በሽተኛው አይጠብቅም። በአንድ ሐኪም ግምት ከመታከም የብዙዎች የተመዘነ ፍርድ ይሻለዋል።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ፦ የብዙዎች ሲባል የእነማን? ሌት ተቀን ሕመምተኛው አጠገብ የምንቆመው፣ ሕመምተኛውም ራሱ፣ በመጠይቁ ብዙ ጊዜ አንካተትም። ሌላም አለ፤ በመጀመሪያው ዙር ያልተስማማ ሰው ተሰላችቶ ከቀረ፣ ማንም ሐሳቡን ሳይቀይር የስምምነቱ መቶኛ ከፍ ይላል። ስምምነት ተደርሷል የሚያሰኘው ወሰን፣ 70 በመቶም ይሁን 80፣ ምላሾቹ ከታዩ በኋላ የተቆረጠ ከሆነማ ቁጥሩ ጌጥ ብቻ ነው።

ሐኪም፦ ይህ የአሠራር ጉድለት ነው፤ ወሰኑን አስቀድሞ መመዝገብ፣ ያቋረጡትንም ቆጥሮ ማሳወቅ ይቻላል።

መምህርት፦ እንግዲያው አንድ ነገር ይጨመር፤ ከስምምነቱ በሚወጣው የሕክምና መመሪያ ላይ ከእያንዳንዱ ምክር ጎን የማስረጃው ጥንካሬና የስምምነቱ መጠን ለየብቻ ይጻፉ። 95 በመቶ የተስማሙበት ነገር ከበስተኋላው አንድም ጥናት ላይኖረው ይችላልና፣ መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሰው ይህን ማየት አለበት።