የኩላንት ፊልትሮው መመለሻ ቱቦ የት ይግባ?

ኮምቦልቻ ነኝ፤ መኪናዬ ባለ 2.5 ሊትር የናፍታ ሞተር ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። የቀድሞው ባለቤት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላባት ስለኖረ ራዲያተሩ ዝጓል። ደጋግሜ አጥቤ አዲስ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ብሞላም፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ቡና መስሎ ይደፈርሳል። ስለዚህ ተጨማሪ የኩላንት ፊልትሮ አስገጠምኩ። መካኒኩ ወደ ጋቢና ማሞቂያ የሚሄደውን ቱቦ በቲ መጋጠሚያ ከፍሎ ወደ ፊልትሮው አስገባ፤ መመለሻውንም እዚያው ቱቦ ላይ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጎ ቀጠለው። ሞተሩ ሲሞቅ መግቢያው እጅ ያቃጥላል፣ መውጫው ግን ቀዝቃዛ ነው። ፊልትሮውን ፈትቼ ብቆርጠው ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት፤ ኩላንቱ አያልፍበትም ማለት ነው። ማሞቂያው እንዲደክም ደግሞ አልፈልግም፤ የደሴን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። መመለሻውን ከማሞቂያው ወደ ውሃ ፖምፓ በሚመለሰው ቱቦ ላይ ላድርገው ወይስ በራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ላይ?