ነገ አማኑኤል ሆስፒታል ልሄድ ነው፤ ምን ልወቅ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አስጠልቶኛል፣ ሥራ ቦታ እንባዬ ይቀድመኛል። እናቴ ግን «ጠበል ጀምረሻል፣ መድኃኒቱ ይቅርብሽ» ትላለች። ሐኪሙ ምን ይጠይቀኛል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። እኔ ሕክምናውን ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ጫትና መጠጥ፣ በቤተሰብ የታመመ ሰው ስለመኖሩ ይጠይቁሻል። ራስን ስለማጥፋት አስበሽ እንደሆነም ይጠይቁሻል። እሱን በፍጹም እንዳትደብቂ! እኔ አፍሬ ደብቄ ሁለት ወር በከንቱ ተሠቃየሁ። ከዚያ ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት አቅለሸለሸኝ፣ ልተወው ምንም አልቀረኝም። ለውጡ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ እህቴ ቡና ስትቆላ ሽታው ደስ አለኝ፣ ያኔ አለቀስኩ። ተሻለኝ ብለሽ ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ሐኪሙ ቀስ እያደረገ ይቀንስልሻል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ ወይም ከባሰብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ሌላ መልስ፦ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ ወንድሜ እንደዚያ ነው የዳነው። ከጾምሽ ግን የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። የምትወስጂውን ሌላ ኪኒን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት፤ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ አለችኝ።