የአፈር ሙቀት መለኪያ ለምትፈልጉ የሰሜን ሸዋ ሰዎች

ጥቅምት ላይ ውርጭ ገብሱንና ባቄላውን ሲመታ ሥሩ ያለበት አፈር ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበር ማወቅ ፈልጋችሁ፣ የትኛው መለኪያ እንደሚሻል ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለ ማሳ ላይ ከሞከርኳቸው የሚበጀውን እጠቁማለሁ።

ከኮሮና ወዲህ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው፣ ግንባር ላይ የሚደቀነው መለኪያ የሚያነበው ከገጽ የሚወጣውን ጨረር ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመስታወት ቴርሞሜትር እምነት የሚጣልበት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል።

እኔ የምመርጠው በብረት ሽፋን የታሸገውን ዲኤስ18ቢ20 የተባለ ሴንሰር ሲሆን፣ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል የሚፈቀድለት ስህተት ግማሽ ዲግሪ ነው። ገንዘባችሁን በአንድ ውድ መሣሪያ ላይ ከማዋል ይልቅ ከእነዚህ ሦስት ግዙ፤ በአንድ ጥልቀት ብቻ የተለካ ሙቀት ወደ ታች እንዴት እንደሚተላለፍ ማስላት አይቻልምና። አስመስለው የተሠሩም ስለሚሸጡ ከመቅበራችሁ በፊት በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ፈትኗቸው። ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ዜሮ ማለት ሲገባው 3 ዲግሪ አሳይቶኛል። በፈላ ውሃ የምትፈትኑ ከሆነ ግን በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 100 አትጠብቁ።

ሴንሰሮቹ ያነበቡትን ለሚያስቀምጠው መሣሪያ፣ ከውጭ ከሚመጣው ዝግጁ መዝጋቢ ይልቅ የከተማችን የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና በሚሞሪ ካርድ የገጣጠመልኝን እመርጣለሁ፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ቅርብ ነው።

ሴንሰሮቹን በ5፣ በ10 እና በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከቆፈራችሁት ጉድጓድ ያልተነካ ግድግዳ ወደ ጎን አስገቡ። ለምሳሌ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት በ5 ሳንቲ ሜትር 12 ዲግሪ፣ በ20 ደግሞ 3 ዲግሪ ከሆነ፣ ልዩነቱ በየ11 ሳንቲ ሜትሩ ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ስሌት በ50 ሳንቲ ሜትር የሚቀረው የዲግሪ አንድ አምስተኛ ያህል በመሆኑ የቀንና የሌሊቱን ለውጥ ለማስላት እዚያ ድረስ መቆፈር ድካም ብቻ ነው። የባሕር ወለል ደለልን ሙቀት የሚለኩ ተመራማሪዎችም በረጅም ዘንግ ላይ በተደረደሩ ሴንሰሮች በተለያየ ጥልቀት ይለካሉ። ጥልቅ ባሕር ግርጌ ያለው ውሃ ሙቀቱ ብዙም ስለማይለዋወጥ ግን ዘንጉ በደለሉ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢቆይ ይበቃቸዋል፤ እኛ ፀሐይና ውርጭ የሚፈራረቁበትን መሬት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት መመዝገብ አለብን።

የእነዋሪን መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) የምትለኩ በበጋ ተጠንቀቁ፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ አየር ወደ ሴንሰሩ ስለሚደርስ የምታነቡት የአፈሩን ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ይሆናል። ስንጥቅ ባያችሁ ጊዜ አውጥታችሁ ስንጥቅ በሌለበት ቦታ እንደገና ቅበሩት።